ቆልፈው አስተማሩን

ዛሬ የማወራችሁ ስለ ጨዋታ ነው። ጨዋታ ስላችሁ ገበጣ ወይም ፕሌይስቴሽን እንዳይመስላችሁ፤ ሰው ከኪሱ ከፍሎ ራሱን የሚያስቆልፍበት ጨዋታ ነው። አዎ፣ ከፍሎ! ፈረንጆቹ እስኬፕ ሩም ይሉታል፤ እኛ “የማምለጫ ክፍል” ብንለው ያስኬዳል። አምስት ስድስት ሆናችሁ አንድ ክፍል ትገባላችሁ፣ በሩ ይዘጋል፣ ግድግዳው ላይ ያለው ሰዓት ወደ ኋላ መቁጠር ይጀምራል። ክፍሉ ውስጥ የተቆለፉ ሳጥኖች፣ የተደበቁ ወረቀቶች፣ ትርጉም የሌላቸው የሚመስሉ ቁጥሮች ተበትነዋል። አንዱን እንቆቅልሽ ስትፈቱ የቀጣዩን ቁልፍ ታገኛላችሁ። ሁሉንም ከፈታችሁ ትወጣላችሁ። ሰዓቱ ካለቀባችሁም… ያው ትወጣላችሁ፤ ግን አንገት ደፍታችሁ።

ታሪኩ ረጅም አይደለም (ዓመተ ምሕረቶቹ ሁሉ የፈረንጅ ናቸው፣ እንዳትደናገሩ)። በ2004 ቶሺሚትሱ ታካጊ የሚባል ጃፓናዊ “ክሪምሰን ሩም” የሚል የኮምፒውተር ጨዋታ ሠራ፤ ቀይ ክፍል ውስጥ ተቆልፋችሁ ዕቃ እየጎረጎራችሁ መውጫ የምትፈልጉበት። በ2007 ደግሞ ታካኦ ካቶ የሚባል ሌላ ጃፓናዊ እንዲህ ዓይነቱን ጨዋታ ከስክሪን አውጥቶ ኪዮቶ ውስጥ በእውነተኛ ክፍልና በእውነተኛ ሰው አስጀመረው። ከዚያ ቡዳፔስት፣ ከዚያ ዓለምን አዳረሰ።

እናላችሁ ይሄ ጨዋታ ዞሮ ዞሮ የጤና ተማሪዎች ክፍል ገባ። ፋርጎ ከተማ ያለው የኖርዝ ዳኮታ ስቴት ዩኒቨርሲቲ የፋርማሲ መምህራን የስኳር በሽታ ሕክምናን በዚህ ጨዋታ አስተምረው ውጤቱን በ2017 በጥናት አሳተሙ። በ2019 ስፔን ውስጥ የግራናዳ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች 105 የነርሲንግ ተማሪዎችን አጫውተው እንዴት ነበር ብለው ጠየቁ። ተማሪዎቹ ወደዱት፤ ለፈተና እንድናጠናም አነሳስቶናል አሉ። (ተማሪ ሌክቸር ከመስማትና ቁልፍ ከመክፈት ምረጥ ሲባል ቁልፉን እንደሚመርጥ ለማወቅ ጥናት ያስፈልጋል ወይ? የሚለውን ለእናንተ ትቻለሁ።)

አሁን ወደ ራሴ። ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ፣ ነርሲንግ እማራለሁ። “ወንድ ልጅ ነርስ?” የምትል አክስት ያላችሁ ንገሩልኝ፤ እዚህ አገር ግማሹ የአበሻ ወንድ ኡበር ይነዳል፣ ግማሹ ነርሲንግ ይማራል፣ የተረፈው ሁለቱንም ያደርጋል። ማታ አረጋውያን የሚጦሩበት ቤት ረዳት ሆኜ እሠራለሁ፤ ቀን ክፍል እገባለሁ፤ በመሀል የተረፈችውን ሰዓት እተኛለሁ። ስለዚህ ባለፈው ሴሚስተር መምህራችን “በሚቀጥለው ሳምንት ሌክቸር የለም፣ ጨዋታ ነው” ስትል በውስጤ ያልኩት አንድ ነገር ነው፤ ይሄን ሁሉ ብር የምከፍለው ልጫወት ነው?

ስድስት ሆነን ገባን። አንድ ዕድሜው ወደ 45 የሚጠጋ የቀድሞ ወታደር፣ አንዲት ፊሊፒናዊት፣ ሁለት እዚሁ የተወለዱ ልጆች፣ አንዲት የጎንደር ልጅ፣ እና እኔ። ክፍሉ የተለመደው የላብ ክፍላችን ነው፤ አልጋው ላይ የምንለማመድባት የፕላስቲክ አሻንጉሊት ተኝታለች። አንሶላው በውሃ ረጥቧል፤ “አልቧታል” ለማለት ነው። ራስጌዋ ላይ ያለው ካርድ የ62 ዓመት ሴት መሆኗን፣ ስኳር እንዳለባት፣ ግራ እንደተጋባችና መዋጥ ግን እንደምትችል ይናገራል። የስኳር መለኪያው 52 ይላል። አራት ሳጥን፣ አራት ቁልፍ፣ 30 ደቂቃ። ሂዱ!

የመጀመሪያው ሳጥን ቀላል ነበር። በዚህ አገር መለኪያ ስኳር ከ70 በታች ከወረደ፣ ታማሚው መዋጥ የሚችል ከሆነ፣ 15 ግራም ቶሎ የሚመጠጥ ጣፋጭ ነገር ይሰጠዋል፤ ከ15 ደቂቃ በኋላ እንደገና ይለካል። ጠረጴዛው ላይ የጁስ ጠርሙስ አለ፤ ጀርባው ላይ 240 ሚሊ ሊትር ውስጥ 30 ግራም ስኳር አለ ይላል። ስለዚህ 15 ግራሙን የሚሰጠው 120 ሚሊ ሊትር ነው። ቁልፉ ላይ 120 ስናስገባ ቀጭ ብሎ ተከፈተ። ያቺ “ቀጭ” የምትል ድምፅ ምን እንደምታደርግ ልነግራችሁ አልችልም! ሌሊቱን ሙሉ ሠርቼ የመጣሁት ሰውዬ እንደ ሕፃን ዘለልኩ። ይሄን የ15 ሕግ ከዚያ በፊት ሦስት ጊዜ ስላይድ ላይ አይቼዋለሁ፤ የጁስ ጠርሙስ ባየሁ ቁጥር ትዝ የሚለኝ ግን ከዚያ ቀን ወዲህ ነው።

ሁለተኛው ሳጥን ውስጥ ሁለት ወረቀት አለ። አንደኛው የሐኪሙ ትእዛዝ ነው፣ በእጅ የተጻፈ። ሁለተኛው ነርሶች የሰጡትን መድኃኒት የሚመዘግቡበት ነው። ጥያቄው፦ የሴትዮዋ ስኳር ለምን ወረደ? የቀድሞው ወታደር ሁለቱንም አየ። “ሐኪሙ 60 ዩኒት ኢንሱሊን አዟል፣ ነርሷ 60 ሰጥታለች፣ እዚህ ችግር የለም፤ ሳትበላ ቀርታ ነው፣ የምግብ ትሪውን ፈልጉ” አለ። ድምፁ የሚያዝ ድምፅ ነው። ሁላችንም ወደ ትሪው። ትሪው ሥር፣ ፍራሽ ሥር፣ መጋረጃ ኋላ… አንደኛው ልጅ ትዕግሥቱ አልቆ ቁልፉን ከ000 ጀምሮ በተርታ መሞከር ጀመረ። ባለ ሦስት አሃዝ ቁልፍ አንድ ሺህ አማራጭ እንዳለው አስሉት። ዘጠኝ ደቂቃ ያህል በዚህ ሄደ። በመጨረሻ ፊሊፒናዊቷ ተመልሳ ወረቀቱን አነሳችና ጮኸች። ሐኪሙ የጻፈው 60 አልነበረም፤ 6 ብሎ “ዩኒት” ለማለት በእንግሊዝኛ ፊደል “ዩ” ብቻ አስከትሎ ነበር፤ የፊደሏ አፍ ገጥሞ ዜሮ መስላለች። ለሴትዮዋ 54 ዩኒት ትርፍ ተሰጥቷታል። 054፣ ቀጭ!

ይሄ የመምህር ፈጠራ እንዳይመስላችሁ። የአሜሪካ ሆስፒታሎችን የሚመዝነው ጆይንት ኮሚሽን በ2004 ፈጽሞ እንዳይጻፉ ብሎ ካወጣቸው አሕጽሮቶች አንዷ ይቺው “ዩ” ናት፤ ዜሮ ወይም አራት እየመሰለች ሰው ስለጎዳች። ቃሉ ሙሉ ለሙሉ ይጻፍ ነው የተባለው። በእርግጥ አሁን እዚህ ትእዛዝ የሚጻፈው ባብዛኛው በኮምፒውተር ነው። ኮምፒውተር ደግሞ የራሱ ጣጣ አለው፤ እሱን ሌላ ቀን።

እኛ ሰዓቱ ካለቀ ከሁለት ደቂቃ በኋላ ጨረስን። አሻንጉሊቷ በይፋ ሞታለች። እኔ የመሰለኝ ነገሩ በዚህ እንዳበቃ ነበር፤ ዋናው ግን ከዚያ በኋላ መጣ። መምህራችን ወንበር አስከብባ አስቀመጠችንና ከጨዋታው የበለጠ ጊዜ ወስዳ ታወያየን ጀመር። ለካ በመስታወት ስታየን ነበር። ወደ ጎንደሯ ልጅ ዞረችና “በአሥረኛው ደቂቃ አካባቢ ወረቀቱን ወደ መብራት አድርገሽ በጣትሽ አንድ ቦታ ነክተሽ ነበር። ምን አይተሽ ነው?” አለቻት።

ልጅቷ አቀርቅራ “ዜሮ እንዳልሆነ አይቻለሁ” አለች።

ክፍሉ ጸጥ አለ። “ታዲያ ለምን አልተናገርሽም?”

“እሱ እርግጠኛ ነበር” አለች ወደ ወታደሩ እያየች። ትንሽ ቆይታም፣ “ደግሞ ትልቅ ሰው ነው።”

ሰውዬው ክፉ ሰው እንዳይመስላችሁ፤ ለሁላችንም ቡና እየገዛ የሚመጣ ሰው ነው። ፊቱ ደም መሰለ። “እባክሽ ሌላ ጊዜ ጩኺብኝ” አላት። እሷም ሳቀች፣ እኛም ሳቅን። እኔ ግን “ትልቅ ሰው ነው” የሚለው ነገር ከሆዴ አልወጣም፤ ከስድስታችን መሀል ምን ማለቷ እንደሆነ እስከ ሥሩ የገባኝ እኔ ብቻ ነኛ። ፈረንጆቹ የሰሙት ዓይን አፋርነትን ነው። እኔ የሰማሁት እናቴን፣ አያቴን፣ የክፍል አለቃዬን፣ የሰፈራችንን ሽማግሌዎች ሁሉ ነው። ፓርኪንጉ ጋ ስንለያይ በአማርኛ እንዲህ አለችኝ፦ “እኛ ቤት ትልቅ ሰው ሲሳሳት የሚያርመው ሌላ ትልቅ ሰው ነው።”

ዝምታ የአበሻ ብቻ ነው እንዳልል ደግሞ ከዚያ በኋላ ያነበብኩት ታሪክ ከለከለኝ። ማርቲን ብሮሚሊ የሚባል እንግሊዛዊ የአውሮፕላን አብራሪ አለ። በ2005 ባለቤቱ ለቀላል የሳይነስ ቀዶ ሕክምና ገብታ፣ ማደንዘዣ ከተሰጣት በኋላ የመተንፈሻ ቧንቧዋ ተዘጋ። ልምድ ያላቸው ሐኪሞች ቱቦ ለማስገባት ደግመው ደጋግመው ሞከሩ፤ ጊዜው እየነጎደ መሆኑን ልብ ሳይሉ። እዚያው የነበሩ ነርሶች ግን ገብቷቸዋል። አንዷ አንገት በስተው አየር የሚያስገቡበትን መሣሪያ አምጥታ “መጥቷል” ብላለች። ሌላዋ ደውላ የጽኑ ሕሙማን አልጋ አስይዛለች፤ ለሐኪሞቹ ስትነግራቸው ያዩዋት አስተያየት ግን “ምን ነካሽ?” የሚል መሰላትና መልሳ ሰረዘችው። ሴትዮዋ ከ13 ቀን በኋላ አረፈች። ባልየው በ2007 ክሊኒካል ሂውማን ፋክተርስ ግሩፕ የሚባል ማኅበር መሠረተ፤ በአቪዬሽን ረዳት አብራሪው ካፒቴኑን እንዲያቋርጥ እንደሚሠለጥነው ሁሉ በሕክምናም ሰው ይሠልጥን እያለ ተሟገተ። እንግሊዞቹ ነርሶች ዕውቀት አልጎደላቸውም። መሣሪያው እጃቸው ላይ ነበር። የጎደለው የሚባለውን ማለት ነው።

የማምለጫ ክፍል ጨዋታን ከሌላው የቡድን ሥራ የሚለየው እዚህ ላይ ይመስለኛል። በአሳይመንት ጊዜ አንድ ጎበዝ ይሠራል፣ አምስታችን ስማችንን እናስጽፋለን፤ ሁላችሁም ታውቁታላችሁ፣ አትካዱ! እዚህ ግን ፍንጮቹ ለተለያየ ሰው እጅ እንዲደርሱ ሆነው ይበተናሉ። አንዱ የያዘውን ካልተናገረ የሁሉም በር ይዘጋል። ዝም ማለት ዋጋ እንዳለው በ30 ደቂቃ ውስጥ፣ ማንም ሳይሞት፣ ቁጭ ብለህ ታየዋለህ።

ይሄ ለምን እንዲህ እንዳንገበገበኝ ልንገራችሁ። እናቴ አዲስ አበባ ናት፤ ኢንሱሊን ከጀመረች ስድስት ዓመት ሆናት። የዚያን ዕለት ማታ ሥራ ከመግባቴ በፊት ደወልኩላት። “እማዬ፣ ሐኪሙ የጻፈልሽ ወረቀት የታለ?” አልኳት። የጎረቤት ልጅ ፎቶ አንስታ በቴሌግራም ላከችልኝ። በእጅ የተጻፈ ነው። የጠዋቱ ቁጥር ለእኔ 20 ይመስላል፤ አተኩሬ ሳየው ደግሞ 30 ይመስላል። ልቤ ደረቴን መታው።

“ስንት ነው የምትወጊው?”

“ሃያ ነዋ።”

“ማን ነገረሽ?”

“ፋርማሲ ያለችው ልጅ። እሷም ወረቀቱን አይታ አይታ ግራ ገባት መሰለኝ፣ ‘ማዘር አንዴ ይቀመጡ’ ብላ ክሊኒኩ ጋ ደውላ ጠየቀችልኝ።”

“አንቺስ ለምን ሐኪሙን አልጠየቅሽውም?”

“ሲጣደፍ አየሁትና ተውኩት፤ ደግሞ እሱ የተማረ፣ እኔ ምን አውቄ ልጄ?”

ያቺን ልጅ አላውቃትም። ስልክ አንስታ ሐኪም ለመጠየቅ ምን ያህል እንደከበዳት፣ በወዲያኛው ጫፍ ምን ብለው እንደመለሱላትም አላውቅም። ብቻ ዕድሜዋን ያርዝመው።

የአክስቴ ልጅ እዚያው አገር ቤት ሆስፒታል ውስጥ ኢንተርን ናት። ይሄን ሁሉ በስልክ ስነግራት መጀመሪያ ሳቀችብኝ። “አንተ፣ እናንተ ስድስት ሆናችሁ አንድ ክፍል ገባችሁ አልክ? እኛ አንድ አልጋ ዙሪያ ስንት እንደምንሆን ታውቃለህ?” ራውንድ እንዴት እንደሚዞሩ ገለጸችልኝ፦ ከፊት ሲኒየሩ፣ ከጎኑ ሬዚደንቱ፣ ከዚያ ኢንተርኖቹ፣ ከዚያ ሲ-ቱዎቹ፣ ከዚያ ሲ-ዋኖቹ፣ ከሁሉም ኋላ ቻርት የታቀፈችው ነርስ። ታማሚው ሌሊቱን ምን ሲሆን እንዳደረ የምታውቀው ያቺ ከኋላ ያለችው ናት። “እዚያ ላይ ትጠየቃለህ እንጂ አትጠይቅም” አለችኝ።

አሜሪካኖቹ ለዚህ ያወጡት ዘዴ አለ። ቲምስቴፕስ በሚባለው፣ በ2006 በወጣው ሥልጠና ውስጥ ሦስት ደረጃ ያለው አነጋገር ያስተምሩናል፦ አሳስቦኛል፣ ምቾት አልሰጠኝም፣ ይሄ የደህንነት ጉዳይ ነው። በእንግሊዝኛ ያምራል። ለአክስቴ ልጅ ተርጉሜ ስነግራት ግን ስልኩ እስኪወድቅ ሳቀች። “እኔ ለሲኒየሬ ‘ዶክተር ምቾት አልሰጠኝም’ ብለው፣ ‘ወንበር ይምጣልሽ?’ ነው የሚለኝ!” እውነቷን ነው። ከዚያ ግን ትንሽ አሰበችና እኔ በአንድ ሴሚስተር ያልሰማሁትን ነገር ተናገረች። በእኛ ቋንቋ ለታላቅ “ተሳስተሃል” ማለት አይሆንም፤ “እስቲ አንዴ ይዩልኝ” ማለት ግን ይሆናል። ወረቀቱን በሁለት እጅ ይዘህ፣ ጎንበስ ብለህ፣ “ዶክተር፣ ይቺን ቁጥር አንዴ ይዩልኝ፣ እኔ አልተነበበችልኝም።” አክብሮቱም አልጎደለ፣ ዓይኑም ቁጥሩ ላይ አረፈ። የጎንደሯ ልጅ በአማርኛ ብትጫወት ኖሮ ምናልባት በአሥረኛው ደቂቃ እንጨርስ ነበር።

ይሄን ብዬ ጨዋታውን እንደ ታቦት እንዳልሸከመው የሚያስጨንቁኝ ነገሮችም አሉ። አንደኛ፣ ቁልፍ መልስ ይሰጣል። ትክክል ስትሆን “ቀጭ” ይላል፣ ስትሳሳት ዝም ይላል፤ ደግመህ ትሞክራለህ። እኔ ማታ የማያቸው አዛውንቶች “ቀጭ” አይሉም። ያ ልጅ ከ000 ጀምሮ ሲሞክር የነበረውን በመድኃኒት መጠን ቢሞክረው ምን እንደሚሆን አስቡት። ሰዓቱም እንዲሁ፤ መሯሯጥን ጀግንነት ያስመስላል፤ ነርስ ደግሞ ብዙ ጊዜ የሚያስፈልጋት ቆም ማለት ነው። ጥናቶቹም ቢሆኑ በብዛት የሚለኩት ተማሪው መደሰቱንና ወዲያው በተሰጠ ፈተና ምን እንዳመጣ ነው። ከሁለት ዓመት በኋላ ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ላይ፣ ደክሟት፣ ብቻዋን፣ የተቆጣ ሐኪም ስልክ ላይ ሆኖ እያለ ትናገራለች ወይ? ይሄን በፈተና ወረቀት መለካት ከባድ ነው። ደግሞም ውይይቱ ባይኖር፣ መምህሯ በመስታወት ባታይ ኖሮ፣ እኛ “ደስ ሲል!” ብለን ወጥተን ፒዛ በልተን እንለያይ ነበር፤ ልጅቷም ያየችውን ይዛ እቤቷ ትገባ ነበር።

ወጪው ግን ምንም አይደለም። እዚህ ላይ ከማንም ጋር እከራከራለሁ። የእኛ ክፍል ውስጥ ከአሻንጉሊቷ በቀር የነበረው ሁሉ አራት ቁልፍ፣ አራት የፕላስቲክ ሳጥን፣ የጁስ ጠርሙስና ፎቶኮፒ ነው። አሻንጉሊቷ ባትኖር አልጋው ላይ አንዱ ተማሪ ቢተኛ ያው ነው፤ እንዲያውም ያቃስታል። ውድ የሆነው ነገር እንቆቅልሹን የሚያስብ መምህርና ከጨዋታው በኋላ ቁጭ ብሎ የሚያወያይ ሰዓት ነው። ሰዓት ደግሞ የትም አገር ከቁልፍ ይበልጥ ተወዷል።

የአክስቴ ልጅ ባለፈው ሳምንት መልእክት ላከችልኝ። ከጓደኞቿ ጋር ሆነው ለሲ-ዋን ተማሪዎች አንድ ቅዳሜ ከሰዓት ሊሞክሩት ነው። ዶርሟ ውስጥ ያለችውን ሳንዱቅ አዋጥታለች። መርካቶ ወርዳ ባለቁጥር ቁልፍ ገዝታለች፣ ሦስት። አራተኛው ተወደደባትና ሳጥኑን በፕላስተር ልታሽገው ነው። የሐኪሙን ትእዛዝ የሚጽፍላት ደግሞ ከሁሉም መጥፎ የእጅ ጽሑፍ ያለው ጓደኛዋ ነው፤ በዚያ በኩል እጥረት የለብንም አለችኝ። አንድ ነገር ብቻ ጠየቀችኝ፦ ወረቀቷን ለማን ትስጥ? ለጎበዙ ነው ወይስ ጥግ ለምትቀመጠዋ?